የአያ ጅቦ ድርሻ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ንጉሥ ጥላ ሥር በሚያድሩበት አገር፣ ከገደል ሥር የምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ነበረች። ምንጯ በጋ ከክረምት አትነጥፍም። ችግሩ መውረጃዋ ነው፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ካልሆነ አይደረስባትም። ዝንጀሮ ይዘላል፤ ሚዳቋ ትዘላለች፤ አያ ጅቦም ቢሆን እየተንገዳገደ ይወርዳል። እግሩ የማይታዘዝለት ግን ከአፋፉ ላይ ቆሞ የውኃውን ድምፅ እየሰማ ይጠማል።

እመት አህዪት እንዲህ ከሚጠሙት አንዷ ነበረች። ባለፈው ክረምት ናዳ ወርዶ የፊት ግራ እግሯን ሰበረው፤ አጥንቱም ጠሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ የምትጠጣው ጎረቤት በቅል ቀድቶ ሲያመጣላት ነው። ጎረቤት ሲረሳት ጠዋት ከሣሩ ላይ ጤዛ ትልሳለች። እንዲህም ሆና አንድም ቀን ስታማርር የሰማት የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ሸንጎው በተቀመጠበት እያነከሰች መጣችና ንጉሥ አንበሳ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ውኃ ቀድታችሁ አምጡልኝ ልል አልመጣሁም» አለች። «መውረጃ ይሠራልኝ። በተረፉኝ እግሮች ወርጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በገዛ አፌ ልጠጣ።»

ንጉሡም ብዙ አሰበ። ኋላ ሽማግሌውን አባ ዝንጀሮን ጠርቶ ይቻል እንደሆነ ጠየቀው። አባ ዝንጀሮ የገደሉን ወገብ በዓይኑ ለካና፣ በኮረብታው ጎን እየዞረ ቀስ ብሎ የሚወርድ መንገድ ማውጣት እንደሚቻል፣ ነገር ግን በአንድ ቤት ጉልበት ስለማይሞከር አገሩ ሁሉ በደቦ መውጣት እንዳለበት ተናገረ።

ንጉሡ ያኔውኑ አዋጅ አወጣ። መንገዱ በደቦ ይሠራ፤ ያነከሰ፣ ያረጀና ያረገዘ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይጠጣ፤ ከእንግዲህም በዚህ አገር ሥራ የሚሰጠው በችሎታ እንጂ በእግር ብዛት አይሁን አለ። ሁሉም ይሁን አለ። አያ ጅቦም አብሮ ይሁን ብሏል። ይሁን ማለት ምን ያስከፍላል?

ነገር የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። የአገሩ አዋጅ ነጋሪ ጉሬዛ አርጅቶ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ስላለ ተተኪ ተፈለገ። ይቺን ቦታ አያ ጅቦ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመኛት ኖሯል። አዋጅ ነጋሪ ከንጉሡ ቀኝ ይቀመጣል፤ ከንጉሡ ማዕድም መቅኔ ያለው አጥንት ይወጣለታል። አያ ጅቦ ማታ ማታ ዋሻው ውስጥ ብቻውን «ስሙ፣ ስሙ» እያለ ይለማመድ ነበር። ሚስቱ እንኳ ተማርራ ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች።

ፈተናው ቀላል ነበር። ድምፁ ከማዶው ሸንተረር ደርሶ አራዊቱን የሚሰበስብ ይሾማል። አያ ጅቦ አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ድምፁስ ደርሶ ነበር፤ የማዶዎቹ ግን በመሰብሰብ ፈንታ ልጆቻቸውን እያፈሱ ጉድጓድ ገቡ። ቀጥላ እመት አህዪት አናፋች። ወይ ድምፅ! ማዶ ያለው ሁሉ፣ የተጠራውም ያልተጠራውም፣ ምን መጣ ብሎ ግር ብሎ መጣ።

ይኼን ጊዜ ቀበሮ ከጥግ ብድግ አለ። ቀበሮ እንደምታውቁት ክፋትን በትሕትና ጠቅልሎ ማቅረብ ይችልበታል። አዋጅ ነጋሪ የሚቆመው ከትልቁ አለት ጫፍ ላይ መሆኑን አስታወሰና፣ እሷ እዚያ እንዴት እንደምትወጣ ለማወቅ ያህል ብቻ እንደሚጠይቅ ተናገረ።

«አዋጅ የሚነገረው በአፍ ነው በእግር?» አለ ንጉሡ። «አለቱ ከፍ ካለባት ስብሰባው ወደ ሜዳው ይውረድ።»

ስብሰባው ወደ ሜዳው ወረደ። እመት አህዪት አዋጅ ነጋሪ ሆነች። አያ ጅቦም ጅራቱን ሰብስቦ ወደ ዋሻው ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ደህና እንቅልፍ አልያዘውም። ጎሕ ሲቀድ የአህያዋ ድምፅ ከሸንተረር ሸንተረር ሲያስተጋባ ጆሮውን በመዳፉ ይደፍናል፤ ድምፁ ግን በመዳፉ መሐል ሾልኮ ይገባል። ደግሞ ቁጭ ብሎ የሷን ነገር ያሰላስላል። መንገዱ ለእሷ፣ የማለዳው ተራ ለእሷ፣ የንጉሡ ቀኝ ለእሷ። «ለእኔስ? ለእኔ ማን መንገድ ሠራልኝ?» ይላል። አራት ደህና እግር እንዳለው ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለውም። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሌላውን እንጂ የራስን አያስቆጥርም።

ጭራሽ የባሰው ነገር አጥንቱ ነበር። እመት አህዪት ሣር በል ናት፤ ከማዕዱ የሚወጣላትን አጥንት ምን ታደርገዋለች? የጎረቤት ወግ ነውና በየቀኑ በድኩላ አስይዛ ወደ አያ ጅቦ ደጅ ትልክ ጀመር። አያ ጅቦ አጥንቱን አየው። መቅኔው ከውስጡ ይታያል። ምራቁ እስከ ደረቱ ወረደ።

«ለእኔ የሚገባውን እሷ ነጥቃ እሷ ልትመጸውተኝ?» አለና ፊቱን አዞረ።

ጅብ አጥንት መለሰ ብላችሁ ብታወሩ ማን ያምናችኋል? እኔም ስሰማ አላመንኩም ነበር። ግን መለሰ። በነጋታውም መለሰ። ሳምንት ሳይሞላው ጎኑ ገብቶ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር ሆነ። አጥንቱ ግን ደጁ ላይ አላደረም፤ ቀበሮ በየምሽቱ ሊጠይቀው ይመጣል፣ «አይዞህ» ይለዋል፣ ሲወጣም አጥንቱን አንሥቶ ይሄዳል። የአያ ጅቦ ቅናት በበረደ ቁጥር የቀበሮ እራት እንደሚቀር ቀበሮ በደንብ ገብቶታል። ስለዚህ እሳቱ እንዳይጠፋ በየምሽቱ አንድ ጭራሮ ይጨምርበታል።

አንድ ምሽት እንዲህ አለው፣ «እሷ ያነከሰችው ትናንት ነው፤ አንተ ግን ከእናትህ ሆድ ጀምሮ ታነክሳለህ። ታዲያ በአዋጁ መሠረት ቅድሚያው ለማን ነው የሚገባው?»

አያ ጅቦ ይኼ ነገር ደስ አለው። በማለዳ የኋላ እግሩን በልጥ አስሮ፣ እየተጎተተ፣ እያቃሰተ ሸንጎ ቀረበ። አካለ ስንኩል መሆኑን፣ ይኼን ሁሉ ዘመን በኩራት ደብቆት መኖሩን፣ አሁን ግን የማለዳው ተራም የንጉሡ ቀኝም እንደሚገባው አመለከተ። አባ ዝንጀሮ አንድ የጎድን አጥንት አነሣና ወደ ሜዳው ጫፍ ወረወረው። አያ ጅቦ አጥንቱ መሬት ሳይነካ ደረሰበት። ልጡ ከኋላው ተፈትቶ ቀረ።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል!» አለ አንዱ፤ ሌላውም ተቀበለው። ከሁሉም እመት አህዪት ብቻ አልሳቀችም። ማንከስ ለእሷ የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። አያ ጅቦ ግን ዝምታዋን እንደ ንቀት ቆጠረው፤ ከሳቁ ሁሉ ይልቅ እሱ ቆጠቆጠው። ያን ዕለት ዓይኑ ደም ለበሰ።

የደቦው ሥራ ሲጀመር አባ ዝንጀሮ መንገዱን በእርምጃ ለክቶ ለየቤቱ ድርሻ ሰጠ። ለአያ ጅቦ የደረሰው ከመታጠፊያው ላይ ያለው ነው፤ ከታቹ ጭው ያለ ገደል አለ። ድርሻውን ሲያይ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ቀበሮ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነበር፤ አፈሩን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ፣ እዚህ ቦታ ላይ ውስጡ ባዶ ቢሆን ከላይ ማን ያውቃል ሲል እንደ ዋዛ ጠየቀና ወደ ጥላው ሄደ።

ሌሎቹ ሲቆፍሩ ይሞላሉ፣ ሲሞሉ ይጠቀጥቃሉ። ሚዳቋ በቀንዷ፣ ከርከሮ በአፍንጫው፣ ዝሆን በእግሩ። እመት አህዪት ራሷ ሳትቀር ጠጠር በጀርባዋ ታመላልሳለች። አያ ጅቦም በትጋት ሠራ፤ እውነቱን ለመናገር በዕድሜው እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም። ቆፈረ፤ የቆፈረውን ግን አልሞላም። ጉድጓዱ ላይ ጭራሮ ረበረበ፣ በጭራሮው ላይ ሣር ጎዘጎዘ፣ በሣሩ ላይ አፈር ነሰነሰ። ሲጨርስ ከጎረቤቶቹ ድርሻ የእሱ ያምር ነበር። አባ ዝንጀሮ እንኳ አልፎ ሲሄድ አመሰገነው።

በመጨረሻው ቀን ግብዣ ተዘጋጀ። አገሩ ሁሉ ከአፋፉ ላይ ተሰበሰበ። እመት አህዪት ጠዋት ከነቃች ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም፤ ቅል ይዞ የመጣውን ሁሉ ዛሬ ከምንጩ ነው የምጠጣው እያለች መልሳዋለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ግን ያበራል። አያ ጅቦ ያን የሚያበራ ዓይን አይቶ እንደገና ተቃጠለ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ መታጠፊያው፣ ከዚያ ጸጥታ ነው ብሎ በልቡ አሰበ። ነገ ማለዳ ማንም አያናፋም።

ድምፁን አለስልሶ ወደ ንጉሡ ቀረበ። «ጌታዬ፣ መንገዱ የእመት አህዪት ነውና ቀድማ እሷ ትመርቀው። ማናችንም እግራችንን አናስቀድም።»

ሕዝቡ ተገረመ። ቅናቱ ለቀቀው፣ ልብ ገዛ ተባለ። እመት አህዪትም አመስግናው ጉዞ ልትጀምር አንድ እግሯን አነሣች።

«ቆይ እንጂ» አለ አባ ዝንጀሮ። «ወጉ የታለ? የሠራ ነው የሚቀድመው።»

በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነበረ። ደቦ ሲያልቅ እያንዳንዱ የሠራውን ድርሻ፣ አገር እያየው፣ ከማንም በፊት ራሱ ከዳር እስከ ዳር ይረግጠዋል። ቤት ሲሠራ ሠሪው መጀመሪያ ያድርበታል፤ ድልድይ ሲሠራ ሠሪው መጀመሪያ ይሻገረዋል። ይኼን የማያውቅ ግልገል እንኳ የለም። አያ ጅቦ ግን አያውቅም። እንዴት ይወቅ? በዕድሜው ሁሉ ወደ ደቦ የሚመጣው ሥራው አልቆ፣ ምርቃቱ አልቆ፣ ግብዣው ሲቀርብ ነው። ደቦ ማለት ለእሱ መብላት ነበር።

አያ ጅቦ ቀበሮን ፈለገው። ቀበሮ ከበላተኞቹ መሐል ቆሟል።

«ይኼን ታውቅ ነበር?» አለው በሹክሹክታ።

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለ ቀበሮ።

ሚዳቋ ድርሻዋን ረገጠች። ከርከሮ ረገጠ። ዝሆን ሲረግጥ ምድሩ ተነቃነቀ፤ ድርሻው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ተራው የአያ ጅቦ ሆነ። እውነቱን ቢናገር ይዋረዳል፤ ዝም ቢል ይወድቃል። አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ዓይኑ እመት አህዪት ላይ አረፈ፤ ከንጉሡ ቀኝ ቆማለች። በእሷ ፊት መዋረድ ከሞት ባሰበት። አፉን ዘጋው።

እዘለዋለሁ አለ በልቡ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ፣ ዘለለ። የፊት እግሮቹ ማዶ ደረሱ። የኋላዎቹ አልደረሱም። ጭራሮው ተሰበረ፣ አፈሩ ተናደ፣ አያ ጅቦም ከነጎዘጎዘው ሣር ወረደ። ደግነቱ ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ ግራር ያዘው። የኋላ እግሩ ግን ያዳነው ግንድ ላይ ተሰበረ። ሕዝቡም ውስጡ ባዶ የነበረውን ጉድጓድ ሲያይ ተንኮሉ ገባውና ትቶት ሄደ።

እዚያው ግራር ሥር ሁለት ቀን ወደቀ። ከታቹ ምንጯ ትንሿሿለች። ውኃው ይሸተዋል፤ ድምፁ ይሰማዋል፤ መነሣት ግን አልቻለም። ከላይ የሚያልፉትን ሁሉ ተጣራ። እግሬ ተሰበረ አላቸው፤ አቃሰተ፣ ለመነ። የሰሙት ሁሉ ግን ተሳሳቁ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ብለው አለፉ። ልጡንና የጎድን አጥንቱን ማን ይረሳል? ቀበሮን ጠራው፤ ቀበሮ ከሩቅ አይቶት፣ ከዛሬ ጀምሮ አጥንቱ ያለ ጥየቃ የእሱ መሆኑን አስቦ መንገዱን ቀጠለ። አያ ጅቦ ያን ጊዜ አለቀሰ። ከአፋፉ ላይ ቆሞ የውኃ ድምፅ እየሰሙ መጠማት ምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ማንም ስላስረዳው ሳይሆን ምላሱ ከላንቃው ስለተጣበቀ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ማናፋቱ አልተሰማም። በፈንታው ከላይ በኩል ኮቴ ተሰማው። ሦስቱ ይረግጣሉ፣ አንዱ ይጎተታል።

እመት አህዪት ከተናደው ዳር ቆማ ቁልቁል አየችው። ከኋላዋ አባ ዝንጀሮና ከርከሮ ነበሩ። ከርከሮ የምትሰማውን እንዳታምን እየነገራት ነው።

«እኔ ማንከስ አውቃለሁ» አለች። «ሌሊት ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። ይኼ የልጡ ጊዜ ማቃሰት አይደለም።»

ከርከሮ ተቆጣ። የተናደው ድርሻ የጅቡ ነው፤ በወጉ መሠረት ያፈረሰ ይሥራ አለ። እውነቱን ነው፣ ወጉ እንደዚያ ይላል። እመት አህዪት ግን አዋጁን ራሷ በአፏ የነገረች ናትና ከወጉ ቀጥሎ አዋጁ አለ አለችው። አዋጁ ያነከሰ ይጠጣ ይላል እንጂ ጥሩ ሰው ሆኖ ያነከሰ ይጠጣ አይልም። ደግሞስ መንገዱ እዚህ ላይ ተቆርጦ እሷም እስካሁን ከምንጯ አልደረሰችም፤ ያረጁትም፣ ያረገዙትም እንደዚያው ቆመዋል።

ያን ዕለት ጉድጓዱ ተሞላ። ድንጋይ ተጠቀጠቀበት፤ ዝሆን መጥቶ ተመላለሰበት። አባ ዝንጀሮ ከመሐላቸው ሆኖ ሠሪዎቹ ይርገጡት ሲል ሁሉም አብረው ረገጡት። ከዚያ አያ ጅቦን ከግራሩ ሥር አውጥተው መንገዱ ላይ አቆሙት። በሦስት እግሩ፣ የገደሉን ግድግዳ ተደግፎ፣ ራሱ በቆፈረው መታጠፊያ ላይ አልፎ ቀስ እያለ ወረደ። እመት አህዪት ከፊቱ ትሄዳለች። ሁለቱም ያነክሳሉ፤ ሁለቱም ይደርሳሉ።

ጎን ለጎን ሆነው ጎንበስ አሉ። እመት አህዪት ከናዳው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ምንጩ ውስጥ ነከረች፤ ስትጠጣ ጆሮዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አያ ጅቦ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ጠጣ። ሲያበቃ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ልገድልሽ ነበር የቆፈርኩት» አለ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ሠራሽልኝ?»

እመት አህዪት ከአፏ የሚንጠባጠበውን ውኃ ላሰች። «ሸንጎ ፊት መንገድ ስጠይቅ ለእኔ ብቻ ብዬ አልነበረም፤ ነገ እግሩ ለሚሰበረውም ብዬ ነው። ያ ሰው አንተ መሆንህን አላውቅም ነበር እንጂ።»

አያ ጅቦ ለቅናት የሚሆን ነገር በልቡ ፈለገ፣ ልማድ ነውና፤ ያገኘው ግን እፍረት ብቻ ነበር።

እግሩ ከዚያ በኋላ አልተቃናም። ንጉሡ በአዋጁ መሠረት ምን እንደሚችል ሲያስጠይቀው አፍንጫዬ ደህና ነው አለ። እውነትም ከእሱ ቀድሞ የሚያሸት በአገሩ የለም፤ ዝናብ መጥቶ አፈር ሊናድ ሲል በጠረኑ ያውቃል። የመንገዱ ጠባቂ ተደርጎ ተሾመ፤ መቀመጫ ሲመርጥም ያችኑ መታጠፊያ መረጠ። በየማለዳው ከማንም በፊት ዳር እስከ ዳር እየረገጠ ይፈትሻታል። ከዚያ ማናፋቱ ይሰማል፤ ድኩላም አጥንቱን ይዞ ይመጣል። አያ ጅቦ ይቀበላል፣ አመስግኖ ይበላል፤ ቀበሮም ማዶ ተቀምጦ ያየዋል፤ አሁን የሚቀናው እሱ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዛሬ እግሩ ላልታዘዘለት ብለን የምናወጣው አዋጅና የምንሠራው መንገድ ነገ ራሳችን የምንሄድበት መሆኑን፣ በቅናት ያጎደልነው ድርሻም ከማንም በፊት የሚጥለው ሠሪውን መሆኑን ነው።